ቀረጡ የተከፈለበት ሲዲ

ባለፈው ሳምንት ከሳቢያን ወደ ከዚራ የተሳፈርኩበት ባጃጅ መስታወቱ ላይ አሮጌ ሲዲ አንጠልጥሎ ነበር። ለጌጥ ነው እንጂ ዛሬ ሲዲ የሚያጫውት ሰው የት አለ? ባጃጁ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ሲዲው ይሽከረከራል፣ የከሰዓቱ ፀሐይ ያርፍበትና ጣሪያው ላይ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ብርሃን ይበትናል። ነጂው ጉንጩን በጫት ወጥሮ ያንጎራጉራል። እኔ ብርሃኑን እያየሁ ሳላስበው የመቀመጫውን ብረት በጣቴ አንጓ አንኳኳሁ። ነጂው ፍጥነቱን ቀንሶ "ወራጅ አለ?" አለኝ። "የለም፣ ንዳው አቦ" አልኩት። ከዚያ በኋላ እስክወርድ ድረስ አንድ ቃል ብናገር እንባዬ ይመጣ ነበር።

አንቺ ደግሞ በማግስቱ እዚህ ቢሮ ያንን ጥያቄ ይዘሽብኝ መጣሽ። "ሰው ሁሉ በነጻ የሚጭነውን ሶፍትዌር አንቺ ለምንድነው በየዓመቱ የምትከፍዪበት?" አልሽኝ። ስቄ ተውኩት። መልስ አጥቼ እንዳይመስልሽ፤ መልሱ ረጅም ስለሆነ ነው። ዛሬ መብራት የለም፣ ሥራም የለም። ወንበርሽን ወደ መስኮቱ ሳቢና ልንገርሽ።

አባቴ የኬላ ፈታሽ ነበር። ድሬዳዋ ላይ የፈታሽ ልጅ ሆኖ ማደግ ምን እንደሚመስል ያላየው ሰው አያውቀውም። በእኔ ልጅነት ይህ ከተማ ከሚለብሰውና ከሚበላው ብዙው ከድንበር ማዶ የመጣ ነበር፤ በባቡር ይመጣል፣ በጭነት መኪና ይመጣል፣ በጀልዴሳ በኩል ደግሞ በግመል ይመጣል። ጎረቤቶቻችን ወይ ያመጡታል፣ ወይ ይሸጡታል፣ ወይ ይገዙታል። አባቴ ይይዘዋል። እኔን መንገድ ላይ ሲያዩ "የኬላው ልጅ" ነበር የሚሉኝ። ክፉ አልነበሩም፤ በዓል ሲደርስ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ቤት ይጠራኛል። ግን እኔ ስገባ አንዳንድ ነገር ከጠረጴዛ ላይ ይነሳ ነበር።

የአባቴ አሠራር ማንኳኳት ነው። ሌሎቹ ፈታሾች ጆንያ ይወጋሉ፣ ጭነት ያስፈታሉ፤ እሱ የመሃል ጣቱን አጥፎ የመኪናውን ወለል፣ የነዳጅ ታንከሩን፣ ትርፍ ጎማውን ኳ ኳ ያደርግና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። "ባዶ ብረት ይጮኻል፤ ዕቃ ያለበት ብረት ድምፁን ይውጣል" ይለኝ ነበር። አዳምጦ ሲጨርስ ከሁለት ቃል አንዱን ይናገራል። ንጹሕ ከሆነ የኬላውን ገመድ በገዛ እጁ ዝቅ አድርጎ "እለፍ" ይላል። ካልሆነ "አውርድ" ይላል። ከዚያ ሹፌሩ ቢለምን፣ ቢያለቅስ፣ ቢሳደብ፣ ሦስተኛ ቃል የለውም።

ይሄ ልማድ ቤትም ይከተለው ነበር። ቴርሞስ ሲገዛ ያንኳኳል፣ ሻንጣ ያንኳኳል፣ የአልጋችንን ብረት ያንኳኳል። ሀብሀብ ሲገዛማ ተዪው። ሌላው ሰው መብሰሉን ለማወቅ ነው የሚያንኳኳው፤ አባቴ ግን ሀብሀቡን በኮንትሮባንድ የጠረጠረው ይመስል ነበር። ሻጮቹ ይስቁበታል። እሱ ያመጣው ሀብሀብ ግን ሁሌም ቀይ ነው።

ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ እቤታችን አይገባም። በዚህ የተነሳ ሰው ሁሉ ያለው ነገር እኛ ቤት አልነበረም። ከሁሉ የሚገርመው ግን ሽርጡ ነው። መቼም የድሬን ሙቀት ታውቂዋለሽ፤ ወንድ ልጅ ከሥራ ሲመለስ ሱሪውን አውልቆ ሽርጡን አገልድሞ በራፉ ላይ ይቀመጣል፣ ያን ጊዜ ነው ቤቱ የገባው። በሰፈራችን ሀብታሙም ድሃውም እንደዚያ ነበር። አባቴ ብቻ ያን ካኪ ሱሪውን በቀበቶ አስሮ፣ ላቡ በጀርባው እየወረደ ይቀመጣል። ምክንያቱም ገበያ ላይ ያለው ሽርጥ ሁሉ በየት እንደገባ ያውቃል። "ቀን የያዝኩትን ማታ ላገልድመው?" ይል ነበር።

እናቴ ልጅ ሆኜ ነው ያረፈችው። ከዚያ በኋላ ጸጉሬን የምትሠራኝ አክስቴ ነበረች፣ የአባቴ ታናሽ እህት። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች፣ በጉልበቷ መሃል ታስቀምጠኛለች፣ የጸጉር ቅባቷ ይሸተኛል፣ እየጎነጎነች ሰፈሩን ሁሉ ታማልኛለች። አባቴን "ወንድም ጋሼ" ነበር የምትለው። የሳቅ ሰው ነበረች። እሱን የሚያስቀው ሰው እሷ ብቻ ነበረች ብል አልዋሸሁም።

አንድ ቀን ሽንኩርት የጫነ መኪና ኬላው ላይ ቆመ። አባቴ ወለሉን አንኳኳ፣ ወለሉ ዋጠ። "አውርድ" አለ። ያን ጊዜ የጋቢናው በር ተከፈተና አክስቴ ወረደች። ይህን ኋላ ራሷ ናት የነገረችኝ። "እኔ ነኝ፣ ወንድም ጋሼ" አለችው። የእናቷን ወርቅ ሸጣ ነበር ጨርቁን የገዛችው፤ ሱቅ ልትከፍትበት፣ ልጆቿን ልታስተምርበት። "እንጀራዬ ነው" አለችው። እሱ "የማን እንጀራ ያልሆነ አለ?" አላት፤ ወደ ሠራተኞቹ ዞሮም "አውርዱ" አለ። ጨርቁ ተወረሰ።

ከዚያ ወዲያ አክስቴ እቤታችን አልመጣችም። "ወንድም ነበረኝ፣ ኬላ ላይ ቀረ" ትላለች ሲሉ ሰማሁ። ቅዳሜ ሲመጣ አባቴ ማበጠሪያውን ይዞ ከኋላዬ ይቆምና እንዴት እንደሚጀመር ስለማያውቅ ይመልሰዋል። በመጨረሻ ወስዶ በአጭሩ አስቆረጠኝ። በዚያ ጸጉር ምን ያህል እንዳለቀስኩ እኔና ትራሴ ነን የምናውቀው። ስለ አክስቴ ግን እሱም አያነሳም፣ እኔም አልጠይቅም።

አድጌ ኮሌጅ ገባሁ፣ የሕንጻ ንድፍ ተማርኩ። እኔ ስመረቅ እሱ ጡረታ ወጥቶ ነበር። መንገድ ዳር ያለችውን ክፍላችንን ቀለም አስቀባትና "እዚህ ቢሮ ትከፍቻለሽ፣ ለሰው ፕላን ትሠሪያለሽ" አለኝ። ኮምፒውተር ገዛልኝ። እንዴት እንደገዛው አትጠይቂኝ፤ ባለሱቁ በወረቀትና በማህተም ብዛት ሊያብድ ምንም አልቀረው። የቀረን ፕላን የሚሠራበት ሶፍትዌር ነበር።

"መምህሬ እኮ ይሰጠኛል፤ ፍላሽ ይዤ ብሄድ ይገለብጥልኛል" አልኩት።

"በስንት?"

"በነጻ ነው፣ አባዬ።"

ፊቱ ጨለመ። "ምንም ያልተከፈለበት ዕቃ እቤቴ ይገባል?" አለ። ለማስረዳት ሞከርኩ፤ እኔም የገባኝ ነገር ስላልነበረ አላስረዳሁትም። ለኛ ለተማሪዎቹ መገልበጥ ማለት የጓደኛን ደብተር እንደመገልበጥ ነበር፣ ሌላ ትርጉም አልነበረውም።

በዚያው ሰሞን ከተማችን ውስጥ የኮምፒውተር ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ከአዲስ አበባ የመጡ ነጋዴዎች ትልቅ ድንኳን ተክለው፣ የቀለም ወረቀት አንጠልጥለው፣ ድምፅ ማጉያ ሰቅለው "ልዩ ቅናሽ፣ የኤግዚቢሽን ዋጋ" ይላሉ። አባቴ ካኪ ሱሪውን አስተኩሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ ይዞኝ ሄደ። ድንኳኑ ውስጥ የጋለ ሸራና የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ ነበር፤ ከበስተጀርባ ጄኔሬተር ያጓራል፣ የኮምፒውተሮቹ መስኮቶች በሰማያዊ ብርሃን ያበራሉ፣ ሰዉ ማራገቢያው አጠገብ ተጨናንቋል። ሰው ሙዚቃ ይሰማል፣ ጨዋታ ያያል። አባቴ የመጀመሪያው ጠረጴዛ ጋ ደርሶ ኮምፒውተሩን ኳ ኳ አደረገው።

"ቀረጥ ተከፍሎበታል?" አለ።

ነጋዴው አባቴን ከጫማው እስከ ኮፍያው አየው። ሁለተኛው ጠረጴዛ ጋም ያው ነው፣ ሦስተኛውም ጋ። ጡረታ የወጣ ሰው መሆኑን የሚያውቅ የለም፤ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ድንኳኑን ዞረው። አንዱ ዕቃውን በጨርቅ ሸፈነ፣ ሌላው "ምሳ ወጥተናል" ብሎ ጀርባውን ሰጠን። እኔ በሀፍረት መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እሱ ምንም አላየም።

ጥግ ላይ ሶፍትዌር የሚሸጠው ልጅ ብቻ አልሸሸም። በጄል ጸጉሩን ያቆመ፣ ፈገግታ የማያልቅበት የአዲስ አበባ ልጅ ነው። እኔ የምፈልገው ባለቀለም ሽፋን ባለው ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ ሽፋኑ ላይ ረጅም ሕንጻ አለበት፣ ጠርዙ ላይ የሚያብለጨልጭ ወርቃማ ተለጣፊ። ዋጋውን ሲነግረን አባቴ ቅንድቡን ሰበሰበ። የተወደደ መስሎት አይደለም፣ ረክሶበት ነው።

"ለምን ረከሰ? ዕቃ የሚረክሰው ኬላ ሳያየው ሲመጣ ነው።"

"ፋዘር፣ ኤግዚቢሽን ስለሆነ እኮ ነው። ቅናሽ ነው። ከነገ ወዲያ አያገኙትም።"

"ቀረጥ ተከፍሎበታል ወይ ነው የምልህ።"

ልጁ ትንሽ ግራ ገባው፤ ከዚያ ከጠረጴዛው ስር ጎንበስ ብሎ የሲዲዎቹን ካርቶን አወጣ። በደንብ የታሸገ፣ የጉምሩክ ማህተም ያለበት ካርቶን ነው። ማህተሙ እውነተኛ ነበር። አባቴ በማህተም አይታለልም። ካርቶኑን በአራቱም ጎን አንኳኳው፣ አዳመጠ፣ ፊቱ ተፈታ።

"እናቴ ትሙት ፋዘር፣ እያንዳንዷ ሲዲ ተቀርጣለች" አለ ልጁ።

አልዋሸም እኮ። ባዶ ሲዲ ሆነው ሲገቡ በሕጉ ተቀርጠዋል። አባቴ የሚጠየቀውን ሁሉ ጠይቋል፣ የሚንኳኳውን ሁሉ አንኳኩቷል። እኔም ሣጥኑንና ወርቃማውን ተለጣፊ ሳይ ኦሪጅናል ማለት ይሄ ነው ብዬ ልቤ ሞላ። አባቴ ሣጥኑን ሰጠኝና ኤግዚቢሽኑ መሃል ላይ ቆሞ "እለፊ" አለኝ፤ ቀልዶ ነው፤ እሱ ሲቀልድ ያየሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ስንወጣ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ገዛልኝ፣ ጣታችንን እየላስን ወደ ቤት ሄድን።

ቢሮዬ ተከፈተ። አባቴ የቢሮው ዘበኛ ሆነ ማለት ይቻላል፤ ጠዋት ወንበሩን በራፉ ላይ ያወጣል፣ ደንበኛ ሲመጣ ተነስቶ ያስገባል፣ "ልጄ የምትሠራው በሕጋዊ ዕቃ ነው" ይላል። ማንም አልጠየቀውም እኮ። የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ጎረቤታችን ሱማሌዋ እናት ነበረች። ጓሮዋ ላይ የሚከራዩ ክፍሎች ልትሠራ አስባ ፕላን ትፈልጋለች። ባሏ የለም፣ ልጆቿን በወተት ንግድ ነው ያሳደገችው። በየቀኑ እየመጣች ከኋላዬ ቆማ መስመሩን ታያለች። "ወላሂ ቤቴ ተቀመጠ በመስኮቱ ውስጥ" ትላለች። ስታመሰግነኝ አባቴ በራፉ ላይ ሆኖ ይሰማል፣ አንገቱ ይረዝማል።

ፕላኑ ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ኮምፒውተሩን ከፈትኩት፤ ሶፍትዌሩ አልከፈት አለኝ። መስኮቱ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር መጣ። ብልሽት መስሎኝ ስታገል አባቴ ከኋላዬ መጥቶ መነጽሩን አደረገ። እንግሊዝኛው የዕቃ ካርቶን እንግሊዝኛ ነው፤ ከዚያ አያልፍም። አንዷን ቃል ግን ከማንም በላይ ያውቃታል። የመኪና መለዋወጫ ካርቶን ላይ ስንት ዓመት ሙሉ ያነበባት ቃል ናት።

"ጄንዩን አይደለም ነው የሚለው" አለ ቀስ ብሎ። "እውነተኛ አይደለም እያለ ነው። ምኑ ነው እውነተኛ ያልሆነው?"

ኤግዚቢሽኑ ከተነሳ ቆይቷል፣ ጸጉረ ቁሙ ልጅም ከድንኳኑ ጋር ሄዷል። ወደ መምህሬ ሄድን። መምህሬ ሲዲውን አይቶ ሳቀ፤ የአባቴን ፊት ሲያይ ሳቁን ተወው።

"ጋሼ፣ ሲዲው የተቀረጠ ነው፣ ልክ ነዎት። ሲዲው ውስጥ ያለው ግን የተገለበጠ ነው።"

"ባለቤት አለው?"

"አለው፣ ውጭ አገር።"

"ጠፋበት?"

"አልጠፋበትም። አሁንም እሱ ጋ አለ።"

"ታዲያ ምኑን ነው የተሰረቀው?"

"ፈቃዱን" አለ መምህሬ። ከዚያ ደግሞ፣ ለማጽናናት ብሎ ነው መሰለኝ፣ እውነተኛው በዶላር በውጭ ባንክ ካርድ እንጂ እዚህ እንደማይገዛ፣ የሚያውቀው ሰው ሁሉ የሚሠራው በዚሁ በተገለበጠው እንደሆነ ነገረው። "የዘጋባትን አሁኑኑ አስተካክልላታለሁ፤ የሚከፍት ትንሽ ፕሮግራም አለኝ። ከተማው ሁሉ እንደዚህ ነው ጋሼ" አለ። ትንሿን ፕሮግራም ፍላሼ ላይ ጫነልኝ።

አባቴ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። የደቻቱን ወንዝ ስንሻገር ድልድዩ ላይ ቆመና የደረቀውን አሸዋ ቁልቁል አየ። ሴቶች ጨርቅ የታሰረበት ጥቅል በራሳቸው ተሸክመው ያልፋሉ፤ ለድሮው ፈታሽ መንገድ ይለቁለታል። ዕድሜ ልኩን ከዕቃ ውስጥ የተደበቀ ዕቃ ሲፈልግ ኖሮ፣ ባለቤቱ ቤት ሳይጎድል የሚሰረቅ ዕቃ እንዳለ ማንም ነግሮት አያውቅም ነበር። ሊንኳኳ የሚችል ነገር አይደለም። አሁን ሳስበው የዚያን ቀን እርጅና የያዘው እዚያ ድልድይ ላይ ነው።

እቤት ስንደርስ ፀሐይዋ ልትገባ ነበር፤ የቢሮዬ ግድግዳ ቀልቷል። ሱማሌዋ እናት በራፉ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችን። "ሀዬ፣ ቤቴ ደረሰ?" አለች። አባቴ አያት፣ እኔንም አየኝ። "ነገ ነይ" አልኳት። ሄደች።

የሲዲውን ሣጥን ከመደርደሪያው አወረደው፣ በጣቱ አንጓ አንኳኳው፣ ጆሮውን አስጠጋ። ፕላስቲክ ነው፣ ምን ይናገራል። ሣጥኑን እጁ ላይ እንደያዘ "አክስትሽ ያን ቀን እንጀራዬ ነው አለችኝ" አለ። ከስንት ዓመት በኋላ እሷን ሲያነሳ የመጀመሪያው ነው። "የማን እንጀራ ያልሆነ አለ አልኳት። እህቴን እንደዚያ አልኳት።"

"አባዬ፣ ተው ካልክ እተወዋለሁ" አልኩት። የምሬን ነበር። ቢሮው እንደሚዘጋ፣ የጎረቤታችን ቤት ወረቀት ላይ እንኳ ሳያልቅ እንደሚቀር አውቃለሁ። ግን እኔ የእሱ ልጅ ነኝ፤ አውርድ የተባለ ዕቃ እንደሚወርድ አውቄ ነው ያደግኩት። ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩ፣ ኮምፒውተሩ ጠፋ። ፍላሹን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አደረግኩለት።

በራፉ ላይ ቆሞ ነበር፣ አንድ ክንዱን መቃኑ ላይ ዘርግቶ። ልክ እንደ ኬላው ገመድ መንገዱን ዘግቶታል። ከዚያ ክንዱን ዝቅ አደረገው።

"እለፊ" አለኝ።

ድምፁ የእሱ አልመሰለኝም። ሣጥኑን ፍላሹ አጠገብ አስቀመጠና ወደ ውስጥ ገባ። ራት አልበላም። እኔም አልቻልኩም።

በማግስቱ ጠዋት "ልበሺ፣ ታይዋን እንሄዳለን" አለኝ። ታይዋን ገበያው ነው፣ ያ ሁሉ ጨርቅና ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥበት። አባቴ ለሥራ ካልሆነ ረግጦት አያውቅም። ሸራዎቹ ከላይ ተወጥረው ሰዉ ሁሉ ሰማያዊ ብርሃን ውስጥ ይሄዳል፤ የአዲስ ጨርቅ፣ የቴምርና የባጂያ ዘይት ሽታ ተደባልቋል። አባቴን ሲያዩ አንዳንዶቹ ከልምድ ዕቃቸውን ሸፈኑ፤ የኤግዚቢሽኑ ድንኳን ትዝ አለኝ። አክስቴ ከጨርቅ ክምር ኋላ ተቀምጣለች። የሰው ዕቃ እየሸጠች ከዜሮ ተነስታ፣ ይህችን ቦታ ያገኘችው በስንት ልፋት ነው። ከሩቅ አየችው፤ ጨርቅ ማጠፏን አላቆመችም።

አባቴ ፊት ለፊቷ ቆመ። "ትናንት አሳለፍኩ" አላት።

"ምኑን?"

"ሕገወጥ ዕቃ።"

"ለማን?"

"ለልጄ።"

ያጠፈችውን ጨርቅ ዘረጋችው፣ እንደገና አጠፈችው። "እኔስ?" አለችው። "እኔስ እህትህ አልነበርኩም?"

"ነበርሽ" አለ። ቆሞ ቀረ፤ ገዢዎች እየገፉት ያልፋሉ። ያን ሰውዬ፣ ስንቱን መኪና በአንድ ቃል ያቆመውን ሰውዬ፣ እንደዚያ ቆሞ ሳየው እሷን ልጮህባት ምንም አልቀረኝም። እሷ ግን እያለቀሰች ነበር፤ እኔ አላየሁም እንጂ።

ከክምሩ መሃል አንድ ሽርጥ መዘዘች፤ ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ ጠርዙ ላይ ነጭ መስመር ያለው። "እንካ" አለችው። "ቀረጥ የሚባል ነገር አያውቀውም። ካልፈለግክ እዚህም አውርድ በለኛ።"

ተቀበላት። ከልምዱ ይሁን ከሌላ፣ የቀኝ እጁ ጣት ታጥፎ ወደ ጨርቁ ተነሳ፤ ከዚያ መልሶ ዘረጋው። ሽርጡን ብብቱ ስር አደረገው። አክስቴ ያን ጊዜ ነው ወደ እኔ የዞረችው። "አንቺ ደግሞ ጸጉርሽ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሆነው?" አለችና እጄን ይዛ በጉልበቷ መሃል አስቀመጠችኝ። ትልቅ ሴት ነበርኩ እኮ፣ ቢሮ ያለኝ። ገበያው መሃል ጸጉሬን ፈታችው። ያው የጸጉር ቅባቷ ሽታ ነበር።

የጎረቤታችን ፕላን አለቀ፣ ቤቷም ተሠራ፤ ዛሬም ቆሟል። አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ሽርጡን አገልድሞ በራፉ ላይ ይቀመጥ ጀመር። ሰፈሩ "ኬላው ተነሳ" እያለ ቀለደበት፣ እሱም ፈገግ ይላል። ቅዳሜ አክስቴ ትመጣለች፣ ታስቀዋለች። እኔ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስ ብሎኝም ነበር። ግን አባቴ ከዚያ ወዲያ አላንኳኳም። ዕቃ ሲገባ እጁን ያነሳና ይተወዋል። ሀብሀብ እንኳ ዝም ብሎ እያነሳ ነጭ ነጩን ያመጣልን ነበር፤ እኛም እንደጣፈጠን ሆነን እንበላለን። በሽርጥ ሲቀመጥ ደግሞ እግሩ ቀጭን ነበር፤ በዚያ ሱሪ ውስጥ አይታወቅም ነበር እንጂ።

ሲያርፍ አክስቴ ናት ከእኔ በላይ ያለቀሰችው። "ወንድም ጋሼ" እያለች።

ኋላ ሥራው ሰፋ፣ ይህ ቢሮ ተከፈተ፣ በሕጋዊ መንገድ ውጭ የሚከፈልበት መላ ሲገኝ ሶፍትዌሩን ገዛሁት። የመጀመሪያውን ክፍያ የፈጸምኩ ቀን ለአክስቴ ልነግራት ሄድኩ። አርጅታለች፣ ዓይኗም ደክሟል። "ስንቱ በነጻ እየሠራ አንቺ ለማን ብለሽ ነው?" አለችኝ፤ ልክ እንዳንቺ። "እሱ እኮ አሳልፎሽ ነበር።"

አሳልፎኝ ነበር። ያን ቀን ባጃጁ ውስጥ እንባዬ የመጣብኝም ለዚያ ነው። አባቴ በሕይወቱ ሙሉ አንድ ጊዜ ነው የማይገባ ዕቃ ያሳለፈው፤ ለእኔ ነው ያሳለፈው፣ ከዚያ ወዲያ እጁ ማንኳኳት አልቻለም። በየዓመቱ ከፍዬ ስጨርስ ሣጥኑን፣ ያንን የኤግዚቢሽኑን ሣጥን፣ ከመሳቢያዬ አወጣና አንዴ አንኳኳዋለሁ። ይስማኝ አይስማኝ እንጃ። "አባዬ፣ አሁን ንጹሕ ነው" እለዋለሁ።

መብራት መጣ መሰለኝ። ተነሺ፣ ኮምፒውተርሽን ክፈቺው።